ለቤት ውስጥ የሙዚቃ ሰርቨር የኔትወርክ ማከማቻ አመራረጥ

በኮምፒዩተር ኔትወርክ ኮርሳችን ላይ ስለ ፋይል ሰርቨር ሲነሳ ምሳሌው ዘወትር መሥሪያ ቤት ነው። ሃምሳ ሠራተኛ ከአንድ ሰርቨር ፋይል ይከፍታል፣ የኔትወርክ አስተዳዳሪው ለአንዱ ይፈቅዳል፣ ለሌላው ይከለክላል፣ ማታ ማታ ባካፕ ይወሰዳል። ቤት ግን የኔትወርክ አስተዳዳሪ የለውም። ያለው እናት፣ አባት፣ ታናሽ ወንድም፣ አንድ ዲቫይደር ላይ የተሰኩ አምስት ዕቃዎች እና ሳይታሰብ የሚጠፋ መብራት ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማንሳት የፈለግኩት በቤት ውስጥ ዘፈን በኔትወርክ ለማሰማት የሚያስፈልገው ማከማቻ እንዴት ቢመረጥ ይሻላል የሚለውን ነው። «ዲስክ ገዝቶ መሰካት ነው እንጂ ይሄ ምን ጽሑፍ ያስፈልገዋል?» የሚል አይጠፋም። ትንሽ ይታገሰኝ።

እንደ ምሳሌ የምወስደው የራሳችንን ቤት ነው። አጎቴ በእኛ አቆጣጠር ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያጠራቀሟቸው 310 ካሴቶችና 120 ሲዲዎች አሏቸው። አብዛኞቹ በየሙዚቃ ቤቱ ሲሸጡ የነበሩ ናቸው፤ ቢጠፉም ሌላ ሰው ቤት ይገኛሉ። 27ቱ ግን እንዲህ አይደሉም። በሠርግ ቤት የተቀዳ የአዝማሪ ጨዋታ አለ፤ አያቴ ስለ ልጅነታቸው ሲያወሩ የተቀዳ አለ፤ አክስቴ ጂዳ ትሠራ በነበረበት ጊዜ በሰው እጅ ትልካቸው የነበሩ የድምፅ ደብዳቤዎች አሉ። ያኔ ስልክ መደወል ውድ ስለነበረ ካሴት ላይ ድምፅ ቀድቶ መላክ የተለመደ ነበር። አያቴ ዛሬ በሕይወት የሉም። የእነዚህ 27 ካሴቶች ሌላ ቅጂ የትም የለም።

ካሴት ደግሞ እንደሚታወቀው በቀጭን ፕላስቲክ ላይ በሙጫ የተለጠፈ የማግኔት ዱቄት ነው። በሙቀትና በእርጥበት ሙጫው ይደክማል፣ ዱቄቱ ይራገፋል። ስለዚህ ካሴቶቹን ወደ ኮምፒዩተር መገልበጥ ጀመርኩ። አጎቴ ሳሎን በአምፕሊፋየራቸው መስማት ይፈልጋሉ፣ እናቴ ማድ ቤት በስልኳ፣ ልጆቹ ሰርቪስ ቤት በላፕቶፕ። የማከማቻው ጥያቄ የመጣው እዚህ ላይ ነው።

ናስ ምንድን ነው?

«ናስ» የሚባለው በኔትወርክ ላይ የተያያዘ ማከማቻ ነው። አጎቴ ቃሉን ሲሰሙ «ናስ? ደግሞ ድስት ልታመጪ ነው?» ብለው ስቀውብኛል። ነገሩ ግን ቀላል ነው። ዲስኩ ከአንድ ኮምፒዩተር ጋር በዩኤስቢ ከመጣበቅ ይልቅ የራሱ አነስተኛ ኮምፒዩተር ይኖረውና ከራውተሩ ጋር በኬብል ይያያዛል። ከዚያ በኋላ በቤቱ ያለ ስልክም ላፕቶፕም ፋይሉን ያገኘዋል። የሙዚቃ ሰርቨር የሚባለው ደግሞ በዚሁ ማሽን ላይ የሚሠራ ሶፍትዌር ሲሆን ዘፈኖቹን በዘፋኝና በአልበም ይመዘግባል፣ ለጠየቀው መሣሪያም ያደርሳል። ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ዕቃ ቤቱ ነው፤ ሁለተኛው ዕቃ ቤቱን የያዘው ሰው ነው። ሰውየውን መቀየር ቀላል ነው፤ ዕቃ ቤቱ ከተቃጠለ ግን አለቀ።

ስንት ቴራ?

«ስንት ቴራ ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ቀድሞ ይመጣል፤ መልሱም በሂሳብ ይገኛል። የሲዲ ድምፅ በሴኮንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልኬት 16 ቢት ነው፤ ግራና ቀኝ ሁለት ቻናል አለ። 44,100 በ16፣ ከዚያም በ2 ሲባዛ በሴኮንድ 1,411,200 ቢት ይሆናል፤ ማለትም 1.4 ሜጋቢት ገደማ። ይህ በሰዓት 635 ሜጋባይት ነው። 310ሩ ካሴት እያንዳንዱ 60 ደቂቃ ነው ብንል 197 ጊጋባይት ይመጣል። 120ው ሲዲ በዚያው ስሌት 76 ጊጋባይት ነው። 27ቱን ብርቅ ካሴቶች ከፍ ባለ ጥራት፣ በ24 ቢትና በሴኮንድ በ96,000 ልኬት ብንቀዳቸው በሰዓት 2 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳሉ፤ ሁሉም ባለ 90 ደቂቃ ናቸው ብንል እንኳ 84 ጊጋባይት ነው። ድምሩ 357 ጊጋባይት። ፍላክ የሚባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣውንና ከድምፁ አንዳች ሳይጥል የሚያጭቀውን ፎርማት ስንጠቀም ደግሞ ይህ ወደ ግማሽ አካባቢ ይወርዳል።

እንግዲህ የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ስብስብ ባለ 1 ቴራባይት ዲስክ ግማሹን እንኳ አልሞላም። «ባለ አራት ዲስክ ግዛ፣ 16 ቴራ ይኑርህ» የሚለው ምክር ፊልም ለሚሰበስብ ሰው የተሰጠ ነው።

የፍጥነቱም ነገር እንዲሁ ነው። አምስት ሰው በአንድ ጊዜ አምስት የተለያየ ዘፈን ቢሰማ 7 ሜጋቢት ነው። የድሮው ባለ 100 ሜጋቢት ኬብል ይህን ሳይሰማው ይሸከመዋል። በ24 ቢትና በ192,000 ልኬት የተቀዳው ከባዱ ፋይል እንኳ 9.2 ሜጋቢት ብቻ ነው። ልዩነት የሚታየው መጀመሪያ ሁሉንም ፋይል ስትገለብጡ ነው፤ 357 ጊጋባይት በ100 ሜጋቢት ስምንት ሰዓት ያህል ይፈጃል፣ በጊጋቢት አንድ ሰዓት አይሞላም። አንዴ ለሚደረግ ሥራ ማታ ለቆ መተኛት ነው። ዘፈን የሚቆራረጥበት ዋናው ምክንያት ዋይፋይ ነው። ከሳሎናችን እስከ ሰርቪስ ቤቱ ሁለት የብሎኬት ግድግዳ አለ፤ እዚያ ያለውን ችግር የፈታው 20 ሜትር የኔትወርክ ኬብል ነው። ስለዚህ ፈጣን ፖርትና ባለ ብዙ ኮር ፕሮሰሰር የሚያወራውን ማስታወቂያ ማለፍ ይቻላል።

የሚበላሽበት ቀን

ታዲያ መጠኑም ፍጥነቱም ካላስቸገረ የሚያስመርጠው ምንድን ነው? በእኔ አስተያየት አንድ ጥያቄ ነው። ይህ ሣጥን ነገ ጠዋት አልነሳም ቢል ዲስኩን አውጥቼ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ማንበብ እችላለሁ ወይስ አልችልም?

ጥያቄውን ያመጣሁት ለማስፈራራት አይደለም። ድሮቦ የሚባል ማከማቻ ነበር፤ ገበያ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። የተለያየ መጠን ያላቸውን ዲስኮች እንዲሁ ሲሰኩለት ራሱ ያደላድላቸው ነበር። ለተጠቃሚው እጅግ ቀላል ስለነበረ ብዙ ሰው ወደደው። ነገር ግን መረጃውን በዲስኮቹ ላይ የሚያከፋፍልበት ዘዴ የኩባንያው የግሉ ነበር፤ ዲስኩን አውጥቶ ተራ ኮምፒዩተር ላይ ቢሰኩት አይነበብም። የድሮቦ ባለቤት የሆነው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 የኪሳራ ማመልከቻ አስገባ፤ በ2023 ጉዳዩ ድርጅቱን ዘግቶ ንብረቱን ወደ መሸጥ ዞረ። ከዚያ ወዲህ ሣጥኑ የተበላሸበት ሰው ዲስኮቹ ደኅና ሆነው እያሉ የሚከታቸው ሌላ አሮጌ ድሮቦ ፍለጋ ይዞራል፣ አለዚያ ለመረጃ አውጪ ባለሙያ ብዙ ገንዘብ ይከፍላል።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ታሪክም አለ። ስኩዊዝቦክስ የሚባል የቤት ሙዚቃ ማጫወቻ ነበር። ሎጂቴክ እ.ኤ.አ. በ2006 ፈጣሪውን ኩባንያ ገዛ፣ በ2012 ደግሞ ማጫወቻውን ማምረት ተወ። የሰርቨሩ ሶፍትዌር ግን ኮዱ ክፍት ስለነበረ ተጠቃሚዎቹ ይዘውት ቀጠሉ። በ2024 ሎጂቴክ ለማጫወቻዎቹ የከፈተውን የኢንተርኔት አገልግሎት ሲዘጋ ሶፍትዌሩ ሊሪዮን ሙዚክ ሰርቨር በሚል አዲስ ስም ቀጠለ። የድሮዎቹ ማጫወቻዎች በየሰዉ ቤት ዛሬም ይዘፍናሉ። ሁለቱም ዕቃዎች ባለቤት አጥተዋል፤ አንደኛው ግን ተጠቃሚውን ይዞ አልሞተም።

በዚህ ሚዛን አማራጮቹን እንያቸው።

ርካሹ መንገድ ኤክስተርናል ዲስክ ራውተሩ ጀርባ ባለው ዩኤስቢ ላይ መሰካት ነው። ይሠራል። ሆኖም ራውተሩ በቂ ጉልበት ስለሌለው የሙዚቃ ሰርቨሩን ሶፍትዌር አይሸከምም፤ ፋይሎቹን ዘርዝሮ ማሳየት ነው የሚችለው። ከዚያ በላይ የሚያሳስበው የፋይል ሥርዓቱ ነው። ብዙ ጊዜ ዲስኩ በፋት 32 እንዲዘጋጅ ይደረጋል፤ ፋት 32 ደግሞ የሚጽፈውን ነገር አስቀድሞ የሚመዘግብበት ጆርናል የለውም። በጽሕፈት መካከል መብራት ከጠፋ ማውጫው ሊዘበራረቅ ይችላል። ለሙከራ ጥሩ ነው፣ ለአያቴ ድምፅ ግን አይሆንም።

ሁለተኛው የተዘጋጀ ናስ መግዛት ነው። እንደ ሲኖሎጂና ኪውናፕ ያሉ የታይዋን ኩባንያዎች ባለ ሁለት ዲስክ ትንንሽ ሣጥኖች ይሠራሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፣ ኮረንቲ አይፈጁም፣ አጠቃቀማቸው ለማንም ይገባል። ያነሳሁትንም ጥያቄ በአብዛኛው ያልፋሉ፤ ለምሳሌ ሲኖሎጂ ዲስኮችን የሚያጣምርበት ዘዴ የተሠራው በሊኑክስ የራሱ መሣሪያዎች ላይ ስለሆነ ዲስኩን አውጥቶ ሊኑክስ ባለው ኮምፒዩተር ማንበብ ይቻላል። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። በጠየቅኩባቸው ሱቆች ውስጥ ሣጥኑ በእጃቸው የነበረ አንድም አልነበረም፤ «ከዱባይ እናስመጣልሻለን» ነው መልሱ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቦርዱ ቢቃጠል እንደገና ከዱባይ መንገደኛ መጠበቅ ነው ማለት ነው። በዚህ ላይ ኩባንያው ሐሳቡን ሊቀይር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2025 ሲኖሎጂ በዚያ ዓመት ባወጣቸው የፕላስ ሞዴሎች ላይ የሌላ ኩባንያ ዲስክ መጠቀምን ገድቦ ነበር፤ ተጠቃሚው ሲያማርር በዚያው ዓመት ላላ አደረገው። ላላ ማድረጉ ጥሩ ነው፤ ዲስክ ከገበያ ለቃቅሞ ለሚሰካ ሰው ግን ጊዜያዊውም ክልከላ ይከብዳል።

ሦስተኛው ራስበሪ ፓይ ነው። ከፓይ 4 በፊት የነበሩት ሞዴሎች ኔትወርኩንም ዩኤስቢውንም በአንድ ጠባብ መንገድ ያሳልፉ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ፓይ 4 ይህን አስተካክሏል። ለዘፈን የቀድሞዎቹም ይበቃሉ። ደካማ ጎናቸው ሲስተሙ የሚቀመጥባት የሚሞሪ ካርድ ናት፤ መብራት በድንገት ሲጠፋ አንዳንዴ ትበላሻለች። ስለዚህ እኛ ፓይውን ለማከማቻነት አልተጠቀምንበትም፤ ሳሎን ከአምፕሊፋየሩ ጋር አያይዘን ማጫወቻ አደረግነው። እዚያ ካርዷ ብትበላሽ የሚጠፋ ነገር የለም፣ እንደገና መጻፍ ነው።

አራተኛው፣ የመረጥነውም ይህን ነው፣ ከመሥሪያ ቤት የወጣ ያገለገለ ትንሽ ዴስክቶፕ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ቢቃጠል፣ ራሙ ቢበላሽ ከተማ ውስጥ መለዋወጫው አለ፤ ሙሉ በሙሉ ቢሞት እንኳ ዲስኩን ነቅሎ ጎረቤት ካለ ኮምፒዩተር ላይ መሰካት ይቻላል። ሊኑክስ ጫንኩበት፤ የፋይል ሥርዓቱ ጆርናል ያለው ኤክስት 4 ነው። ትልቁንና የድሮውን ታወር ግን አልመክርም። ያለሥራ ተቀምጦ 70 ዋት የሚበላ ማሽን በወር 50 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል፤ 25 ዋት የሚበላው ትንሹ 18 ብቻ ነው። ማሽኑ ሌሊትና ቀን ስለሚሠራ ቆጣሪው ላይ ይታያል። ዋጋ አልጽፍም፤ ይህ መጽሔት ታትሞ እስኪወጣ ይለወጣል።

አሮጌ ላፕቶፕስ? የሚል ይኖራል። ባትሪው እንደ ዩፒኤስ ስለሚያገለግል መጥፎ ሐሳብ አይደለም። ነገር ግን ዓመት ሙሉ ተሰክቶ የሚውል ያረጀ ባትሪ ያብጣል፤ ብዙዎቹም ሁለተኛ ዲስክ የሚገባበት ቦታ የላቸውም። ሌላ ነገር የሌለው ሰው ይጠቀምበት፣ ባትሪውን ግን አልፎ አልፎ በእጁ ይዳስሰው።

ሬይድና ባካፕ

በክፍል ውስጥ ከጓደኞቼ ጋር ብዙ ያከራከረን ይህ ነው። ሬይድ የሚለው ሐሳብ በስሙ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1988 ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ የተባሉ የበርክሌይ ተመራማሪዎች ባቀረቡት ጽሑፍ ነው። ብዙ ርካሽ ዲስኮችን አጣምሮ ከአንድ ውድ ዲስክ የተሻለ ማድረግ ነው ነገሩ። ሬይድ 1 በሚባለው ዓይነት ሁለት ዲስኮች እንደ መስተዋት አንዱ ሌላውን ይመስላሉ፤ አንደኛው ሲሞት ሁለተኛው ሥራውን ሳያቋርጥ ይቀጥላል። ለባንክ ይህ ግዴታ ነው፤ ባንክ ለአሥር ደቂቃ መቆም አይችልም።

የእኛ ቤት ግን ሁለት ቀን ያለ ዘፈን መቆየት ይችላል። አጎቴ ቢበዛ ሬዲዮ ይከፍታሉ። የማንችለው ነገር የ27ቱን ካሴት ቅጂ ማጣት ነው። መስተዋት ደግሞ ከዚህ አያድንም። ታናሽ ወንድሜ አንድ ፎልደር በስሕተት ቢያጠፋ በዚያችው ቅጽበት ከሁለቱም ዲስክ ይጠፋል። ቫይረስ ቢገባ ሁለቱም ላይ ይገባል። ኮረንቲው በርትቶ ማሽኑን ቢያቃጥል፣ ሌባ ሣጥኑን ይዞ ቢሄድ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ ሁለት ዲስክ ገዝቼ መስተዋት አላደረግኳቸውም። ሁለተኛው ዲስክ የሚነሳው በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ ሌሊት ነው፤ ያን ጊዜ አዲሱን ፋይል ይገለብጣል፤ ከዋናው ላይ የጠፋ ነገር ቢኖር ግን ከራሱ ላይ አያጠፋም፣ «የተሰረዙ» በሚል ፎልደር ያስቀምጠዋል። በመካከል የሚጠፋ ቢኖር ቢበዛ የአንድ ሳምንት ቅጂ ነው፤ እሱንም ከካሴቱ እንደገና መቅዳት ይቻላል። ዘፈን በየደቂቃው የሚለዋወጥ መረጃ ስላልሆነ ይህ ይበቃል። አንድ ጓደኛዬ እስከ ዛሬ አልተስማማም፤ «ሁለቱንም ብታደርጊስ?» ይላል። ገንዘቡ ካለ ይደረግ። ከሁለት ዲስክ ሌላ የማይገዛ ሰው ግን መስተዋቱን ትቶ ቅጂውን ይያዝ ባይ ነኝ።

ሦስተኛ ቅጂም አለ፤ ያለውም ከቤት ውጭ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የምትኖረው የአጎቴ ልጅ «እኔም እኮ የአያቴን ድምፅ መስማት እፈልጋለሁ፣ ሰርቨሩን በኢንተርኔት ክፈችልኝ» ብላ ነበር። ሰርቨር ለዓለም ሁሉ ክፍት ማድረግ ዕዳ አለው። እ.ኤ.አ. በ2021 ኪውሎከር፣ በ2022 ደግሞ ዴድቦልት የሚባሉ ቤዛ ጠያቂ ቫይረሶች ለኢንተርኔት የተጋለጡ የኪውናፕ ሣጥኖችን እየፈለጉ ፋይላቸውን ቆልፈው ገንዘብ ጠይቀዋል። በዚያ ፋንታ ለእረፍት ስትመጣ ሁሉን ነገር በአንድ ኤክስተርናል ዲስክ ገልብጬ ሰጠኋት። እሷም ሰማች፣ እኛም አሥር ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ የተቀመጠ ባካፕ አገኘን። ለዚህ ተግባር ተራውን ሃርድ ዲስክ እንጂ ኤስኤስዲ አልሰጠኋትም፤ ኤስኤስዲ ለዓመታት ኮረንቲ ሳያገኝ መሳቢያ ውስጥ ከተቀመጠ የያዘውን ሊያጣ ይችላል።

ስለ ዲስክ ግዢና ስለ መብራት

ዲስክ ስትገዙ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛው ዲስኩ መረጃውን የሚጽፍበት መንገድ ነው። ኤስኤምአር በሚባለው ዓይነት መስመሮቹ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ተደራርበው ስለሚጻፉ አንዱን ለመቀየር ጎረቤቱንም እንደገና መጻፍ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሲጻፍበት እጅግ ይዘገያል። እ.ኤ.አ. በ2020 ዌስተርን ዲጂታል ለናስ ብሎ በሚሸጣቸው አንዳንድ ቀይ ዲስኮች ውስጥ ይህን ዘዴ ሳይገልጽ መጠቀሙ ታውቆ ብዙ ወቀሳ ደርሶበታል። አንዴ ተጽፎ ብዙ ጊዜ ለሚነበብ ዘፈን ኤስኤምአርም ቢሆን ችግር የለውም፤ ሬይድ ለሚሠራ ሰው ግን አይሆንም።

ሁለተኛው የዲስኩ ዕድሜ ነው። ማንኛውም ዲስክ ስማርት የሚባል የራሱ መዝገብ አለው፤ ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ ስንት የተበላሸ ቦታ በመጠባበቂያ እንደተካ ይጽፋል። አንድ ሱቅ «አዲስ፣ ካርቶኑ ያልተከፈተ» ብሎ የሰጠኝ ዲስክ ስማርቱ ሲታይ 31,000 ሰዓት ሠርቷል። ለ24 ሲካፈል ሦስት ዓመት ተኩል ነው። ባለሱቁ «ቁጥሩ ከፋብሪካው ነው» አለኝ። ገንዘቤን መለሰልኝ፤ ሆኖም የተመለሰው ከአጎቴ ጋር ሄደን ነው። ከዚያ ወዲህ ላፕቶፔንና የዩኤስቢ ማገናኛ ኬብል ይዤ እሄዳለሁ፣ እዚያው ሱቁ ውስጥ ሰክቼ አያለሁ። የማያስከፍት ሱቅ ካጋጠመ ሌላ ሱቅ አለ።

የመብራቱን ነገር በተመለከተ ትንሽ ዩፒኤስ የግድ ነው። ምርጫው ላይ ዋት ብቻ አትዩ፤ በዩኤስቢ ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚነጋገር ይሁን። መብራት ሲጠፋ ለሰርቨሩ ይነግረዋል፣ ሰርቨሩም አምስት ደቂቃ ጠብቆ ራሱን በወጉ ይዘጋል። ባትሪው ዓላማው ዘፈን ማስቀጠል አይደለም፤ ራውተሩም ስለሚጠፋ ማንም አይሰማም። ሌላው፣ ባዮስ ውስጥ «መብራት ሲመለስ ተነሳ» የሚለውን አጥፍቼዋለሁ። እኛ ሰፈር መብራት ሲመጣ ሁለት ሦስት ጊዜ ብልጭ ድርግም ካለ በኋላ ነው የሚረጋው፤ ማሽኑ በየመሐሉ እየተነሳ መውደቅ የለበትም። ሲረጋ አጎቴ ሄደው ቁልፉን ይጫናሉ። ይህን ሥራ ለማንም አይሰጡም።

የፊደል ጣጣ

ይህ ከማከማቻ ትንሽ ወጣ ያለ ቢሆንም የአማርኛ ዘፈን የሚያስቀምጥ ሁሉ ያገኘዋልና ልጥቀሰው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ለዓመታት ከዚያም በኋላ በየራሳቸው ኮድ የሚሠሩ የአማርኛ ሶፍትዌሮች ስለነበሩ በዚያ ዘመን የተሰየሙ ፋይሎች ዛሬ ሲከፈቱ የማይነበብ ምልክት ይሆናሉ። የድሮ ኤምፒ3 ደግሞ ለዘፈን ስም የተመደበለት 30 ባይት ብቻ ነበር፤ አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚወስድ ከአሥር ፊደል በኋላ ይቆረጣል። ፍላክ ይህ ችግር የለበትም፤ ስሙን በዩኒኮድ፣ በፈለጋችሁት ርዝመት ይይዛል።

ሰርቨሩ ግን «ማሕሙድ አሕመድ»፣ «ማህሙድ አህመድ» እና «መሐሙድ አህመድ» ሦስት ዘፋኞች ናቸው ብሎ ያምናል። «ፀሐይ» ብላችሁ ስትፈልጉ «ጸሀይ» ተብሎ የተጻፈው አይወጣም። ሶፍትዌሩን የሠሩት ሰዎች ሀሁን አያውቁምና አይፈረድባቸውም። እኛ ቤት የተስማማነው አንድ ደብተር ላይ የእያንዳንዱን ዘፋኝ ስም አጻጻፍ አጎቴ እንዲወስኑ ነው፤ በካሴቱ ሽፋን ላይ ያለውን ይከተላሉ። እኔ እንደተጻፈው እገለብጣለሁ። «ጋሼ፣ ይሄ በሀሌታው ነው በሐመሩ?» ስላቸው መነጽራቸውን አድርገው ሽፋኑን ወደ መስኮቱ ያዞሩታል። በዚህ ሁኔታ ቀኑን ሙሉ ሠርተን አሥር ካሴት ያለቀበት ቀን ጥቂት ነው።

አሁን ያለንበት ደረጃ ይህ ነው። 27ቱ ብርቅ ካሴቶች መጀመሪያ ተቀድተው በሦስት ቦታ ተቀምጠዋል፤ ከቀሩት ውስጥ 190 አልቀዋል። በየወሩ መጀመሪያ ፋይሎቹን አስፈትሻለሁ። ፍላክ ሲፈጠር የድምፁን አሻራ በውስጡ ስለሚይዝ ማሽኑ እያንዳንዱን ፋይል ከራሱ አሻራ ጋር ያስተያያል፤ አንዲት ቢት ብትቀየር ስሙን ጠርቶ ይነግረኛል፣ ያን ጊዜ ከቅጂው እተካለሁ። ፍተሻውንና የእሑዱን ግልበጣ የምትሠራዋ ስክሪፕት 20 መስመር አትሞላም። የሚፈልግ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ላብራቶሪ ያገኘኛል፤ ፍላሽ ይዞ ይምጣ።